ቆቤን ሳወልቅ ፍታው

መርሳ ላይ ሲራጅ ጎማ ነበር ስሙ። አባቱ ያወጡለት ሲራጅ ሙሄዲን ነው፤ እንደዚያ ብሎ የሚጠራው ግን የቀበሌው መዝገብ ብቻ ነው። ከአውቶቡስ መቆሚያው ማዶ፣ ከአንዲት ዋርካ ሥር ብስክሌት ይጠግናል። ብስክሌት ደግሞ ስንት አለና! የሲሪንቃ እርሻ ምርምር ሠራተኞች፣ ሁለት ሦስት አስተማሪዎች፣ አንድ የልማት ሠራተኛ፤ በቃ። በጥገና ብቻ ቢኖር ኖሮ ቤቱ ጦሙን ያድር ነበር። ያኖረው የሞተው ብስክሌት ነው፤ በተለይ ተለጥፎ ተለጥፎ መለጠፊያ ቦታ ያጣው የውስጥ ጎማ።

ሌላው አሽቀንጥሮ የሚጥለውን ያን ጎማ ሲራጅ በመቀስ ይሰነጥቀዋል፣ አጥቦ በጥላ ያደርቀዋል፣ በልኩ በልኩ ቆርጦ ከዋርካው ቅርንጫፍ ላይ ያንጠለጥለዋል። በዚያ ዘመን ምን ይገኝ ነበርና! ገመድ የለ፣ ሸራ የለ፣ ሚስማር እንኳ በቀበሌ ሱቅ በወረፋ ነው። ስለዚህ ሰው ሁሉ ወደ ሲራጅ። የአውቶቡስ ረዳቶች ረጅሙን ለጭነት ማሰሪያ ይወስዳሉ። ገበሬው የላላ ቀንበሩን ያጠብቅበታል። ጠፍሩ የተበጠሰበት አልጋውን በጎማ ያስጠልፋል፤ መጀመሪያ ሰሞን ያነጥረዋል እንጂ ኋላ ይለምደዋል። የማሽላ ወፍ የሚጠብቁ ልጆች ቀጭኗን ለምነው ለድንጋይ ማስፈንጠሪያ ይወስዳሉ። የጀሪካን ክዳን ቢያፈስ፣ የበር ማጠፊያ ቢነቀል፣ ሙቀጫ ቢሰነጠቅ፣ የቦኖው ቧንቧ ቢያንጠባጥብ፣ መድኃኒቱ የሲራጅ ጎማ ነው።

«ገመድ ይቆርጣል» ይል ነበር ለሚጠይቀው ሁሉ። «ጎማ ግን አቅፎ ነው የሚይዘው። አህያ ጀርባ ላይ ብታስረው እንኳ ምልክት አይተውም።»

ምነው ይህን ባያውቅ ኖሮ!

ሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ ሚያዝያ ላይ ነው። ጦሩ ሰሜን ላይ ተመታ ተብሎ በሹክሹክታ ይወራል፤ በሬዲዮው ደግሞ ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር ይባላል። ሁሉም ነገር ማለት እንግዲህ የድሃ ልጅ ነው። ለየቀበሌው ኮታ ወረደ። የሲራጅ ቀበሌ ሊቀመንበር ማሩ የሚባል፣ ድምፁ ከቁመቱ የሚበልጥ ሰው ነበር። አንድ ጠዋት ስም ዝርዝሩን በብብቱ ይዞ ዋርካው ሥር መጣና «ጓድ ሲራጅ፣ ደስ ይበልህ፤ አብዱሰመድ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሏል። ሐሙስ በሦስት ሰዓት ትምህርት ቤቱ ሜዳ ይቅረብ» አለው።

አብዱሰመድ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሲራጅና ረሂማ አራት ወልደዋል፤ ሦስቱን የሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን በአንድ ክረምት ወሰዳቸው። የቀረው እሱ ብቻ ነው። ሲራጅ ይህን ለማሩ ሊነግረው አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ማሩ መች ጠፍቶት! ሦስቱንም ሲቀብሩ አፈር ካለበሱት አንዱ እሱ ነው።

ረሂማ ስትሰማ አላለቀሰችም። እንጀራ ፊቷ ቀርቦ ሳትነካው «አንተ ሰው» አለችው፤ «የከተማውን ሁሉ ስንጥቅ ትጠግናለህ። ለዚህ ዘዴ ታጣለህ?»

ዘዴማ ሰው ሁሉ ይፈልግ ነበር። ጣቱን የቆረጠ አለ፤ ምልክቱ አጋለጠውና ታሰረ። ዓይኑ ውስጥ ቁልቋል ያንጠባጠበ አለ፤ እሱም ታወረ፣ ታሰረም። ሲራጅ ሁለት ቀን አሰበ። በሁለተኛው ቀን አንድ የውርጌሳ ገበሬ ትዝ አለው። እባብ ነድፎት አውቶቡስ ላይ ሲጭኑት ጭኑን በጎማ ያሰረለት ሲራጅ ራሱ ነበር። ሰውየው ወልድያ እስኪደርስ እግሩ አብጦ ሱሪው በምላጭ ተቀደደለት፤ ከዚያ ተፈታ፣ ታከመ፣ በሳምንቱ በሁለት እግሩ ገበያ መጣ። ቆዳው ላይ ምንም ምልክት አልነበረም። የሲራጅ ስሌት ይኸው ነው። ለምርመራው እግሩ ያብጥ፤ ያበጠ እግር ያለውን አይወስዱም፤ በማግስቱ እብጠቱ ይጎድላል፤ ልጁም ቤቱ ይቀራል።

ሐሙስ ከሱብሂ ሶላት በኋላ አብዱሰመድን ጓሮ አስቀመጠው። ሰፊውን ጎማ መረጠ፣ ጫፉ ላይ ከብስክሌት ሽቦ የሠራትን መንጠቆ ሰካ፣ «ቢስሚላህ» ብሎ ከጉልበቱ በላይ ሦስት ዙር ጠመጠመለት። ጣቱን ከሥር አስገብቶ ለካ፤ ትንሽ ላላ አደረገው፤ ደግሞ መልሶ ጠበቅ አደረገው።

«አመመህ?»

«ያዘኝ እንጂ አላመመኝም።»

«ስማኝ እንግዲህ። እኔ አጥሩ ጋ እቆማለሁ። ተራህ ሲደርስ ቆቤን አወልቃለሁ። ቆቤን ሳወልቅ ሽንቴ መጣ በልና ሄደህ ፍታው። ቀድመህ ከፈታኸው እብጠቱ ይጎድልና ጉድ እንሆናለን። እኔ ሳልልህ እንዳትፈታው። ሰማኸኝ?»

«ሰምቻለሁ አባ።»

አብዱሰመድ እንዲህ ነው። ሲሉት የሚሰማ ልጅ ነው። ሲራጅ በሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህ ይኮራበት ነበር።

ሜዳው በሦስት ሰዓት ሞልቶ ነበር። ጎረቤታቸው ደብሪቱ ከትልቁ ልጇ ከዓለምነህ ጋር መጥታለች፤ ስንቅ የቋጠረችበትን ነጠላ አቅፋ፣ አጥሩ ጋ ከሲራጅ አጠገብ ቆመች። ልጆቹ ተሰልፈዋል። አብዱሰመድ ማነከስ ጀምሯል፤ ሱሪው ባቱ ላይ ተወጥሯል። ሲራጅ በልቡ ሠርቷል እያለ ነው። ሐኪሙ እስኪመጣ ይጠብቃል።

ሐኪሙ አልመጣም። የመጣው ኡራል መኪና ነው። አንድ የመቶ አለቃ ከጋቢና ወርዶ ምርመራው ወልድያ ነው አለ፤ ቶሎ ቶሎ ውጡ! አብዮት ጥበቃዎቹ ልጆቹን ከኋላ ይገፏቸው ጀመር። እናቶች ጮሁ። አብዱሰመድን ሁለት ሰው ብብቱን ይዞ አወጣው። መኪናው ላይ ከዓለምነህ አጠገብ ተቀመጠና ቀና ብሎ አባቱን ፈለገ። አገኘው። ዓይኑን ቆቡ ላይ ተከለ።

የሲራጅ እጅ ወደ ራሱ ሄደ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ። ቆቡን ጫፉን ይዟል። አሁን ባወልቅ ይፈታዋል፤ ወልድያ እስኪደርስ ይጎድላል፤ ሐኪሙ ሲያየው ጤነኛ ነው፤ ነገ ግንባር ነው። ወልድያ ምን አላት፣ አንድ ሰዓት መንገድ ናት። ያ ገበሬ ከዚሁ ወልድያ ድረስ ታስሮ ሄዶ ምን ሆነ? እኔም ተከትዬው እደርሳለሁ። ይህን ሁሉ ያሰበው መኪናው እስኪነሳ ባለችው ጊዜ ነው። እጁን መልሶ አወረደው። መኪናው ተነሳ፤ ልጁ አቧራው እስኪጋርደው ድረስ የአባቱን ራስ ያይ ነበር።

አውቶቡስ ላይ ለመሳፈር የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ሲራጅ ማሩ ዘንድ ሮጠ። ማሩ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ነገ ና አለው። «ነገ? እኔ ዛሬ ነው የምፈልገው፣ ልጄን ስንቅ ላቀብለው ነው!» «ስንቁን መንግሥት ያበላዋል፤ ነገ አልኩህ።» ሲራጅ ወደ ዋርካው ተመለሰ፤ አንድ የሲሪንቃ ሠራተኛ ለጥገና የተወውን ብስክሌት አንስቶ ወጣበት። ዕድሜ ልኩን ብስክሌት ሲጠግን እንዲህ ጋልቦ አያውቅም። ሲሪንቃን ሲያልፍ የዙህር አዛን ይሰማ ነበር፤ ያለሁበት ቦታ አላህ ያውቃል ብሎ አልቆመም።

ወልድያ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው ኬላው ያዘው።

«የይለፍ ወረቀት?»

«የለኝም ወንድሜ፣ ልጄ ዘምቶ ላየው ነው።»

«የስንቱ ልጅ ዘምቷል! ብስክሌቱስ የማን ነው?»

«የሰው ነው።»

«አሃ፣ የሰው!»

ከዚያ በኋላ ምን ቢል ማን ይስማው። ብስክሌት ሌባ ተብሎ ከኬላው ጀርባ ካለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ገባ። እውነቱን ልናገር ብሎ ሁለት ጊዜ በሩን መታ። «ልጄን አስሬዋለሁ፣ ፍቱልኝ» ቢላቸው እኮ አንድ ሰው በስልክ ይደውል ነበር። ግን ልጁን ከውትድርና ሊያስቀር እግሩን ያሰረ አባት ምን እንደሚደረግ ያውቃል፤ ልጁም ምን እንደሚደረግ ያውቃል። በሩ ሲከፈት «ውሃ ስጡኝ» አለ። ፈሪ ነበር? እኔ እንጃ። ውሃ ብቻ ጠየቀ። ሰጡት፤ በሩም ተዘጋ። ያን ጊዜ ቆቡን ከራሱ ላይ አውልቆ በቆርቆሮው ቀዳዳ ወደ ወልድያ በኩል አሾለከውና ያውለበልበው ጀመር። ማን ሊያየው! አብዷል ብለው ጠባቂዎቹ ሳቁበት።

በማግስቱ በሦስት ሰዓት የሲሪንቃ መኪና ሲያልፍ የብስክሌቱ ባለቤት ብስክሌቱን ኬላው ደጃፍ አየው፤ ወርዶ ሲጠይቅ እስረኛውን አሳዩት፤ «ኧረ ይሄ የኛው ሲራጅ ጎማ ነው፣ ልቀቁት» አለና አስለቀቀው። ሲራጅ አመሰግናለሁ እንኳ አላለም። በእግሩ ሮጠ።

ምልምሎቹ ያደሩበት አንድ የእህል መጋዘን ግቢ ነው። አጥሩ ጋ ሲደርስ ዓለምነህ ከውስጥ ሮጦ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጋሼ ሲራጅ፣ ጠዋት ሆስፒታል ወሰዱት። ሐኪሙ ትናንት አልመጣም፣ ነገ ነው አሉን። እግሩ ጠቁሮ ነበር። ፍታው ብዬ ለመንኩት፣ እኔ ልፍታልህ አልኩት፤ እጄን ያዘኝ። አባቴ ይመጣል፣ ሳይለኝ አልፈታም አለኝ።»

ሲራጅ አጥሩን ይዞ ቁጭ አለ። ኋላ ግን ተነስቶ ሄደ፤ ምን ያደርጋል፣ መሄድ ነበረበት።

ሆስፒታል ሲደርስ አብዱሰመድ ተሸፍኖ ተኝቷል፤ ትኩሳቱ ከአልጋው ማዶ ይሰማል። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት የቀላ። ጎማውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ያዘና «መቼ ነው የታሰረው?» አለ።

«ትናንት ከሱብሂ በኋላ። እባብ ነድፎት ነው ጌታዬ።»

ዶክተሩ ከሽቦ የተሠራችውን መንጠቆ አገላብጦ አያት። ጥሩ ሥራ ነበረች፤ የሲራጅ እጅ መቼ ክፉ ሠርቶ ያውቃል። «እንዲህ ያለ መንጠቆ የሚሠራ እባብ አይቼ አላውቅም» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። በር ላይ የቆመውን ወታደር አየት አደረገና ወረቀቱ ላይ የእባብ ንድፊያ ብሎ ጻፈ። ከዚያ «እግሩን አላተርፈውም፤ ልጁን ላትርፍልህ። ፈርም» አለው። ሲራጅ መፈረም አያውቅም፤ ጣቱን ቀለም ነከሩለት።

አብዱሰመድ በሁለተኛው ወር ወደ መርሳ ተመለሰ። ለውትድርና ብቁ አይደለም የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጥተውታል። ረሂማ ወረቀቱን ከቁርኣኑ ጋር ጠቅልላ ሰቀለችው። ለሲራጅ ክፉ ቃል አልተናገረችም፤ ማናገርም ግን ተወች። ምግቡን ታቀርባለች፣ ትሄዳለች።

ከተማው ግን ተናገረ። ከሁሉም የከፋችው ደብሪቱ ነበረች። መንገድ ላይ አስቁማው፣ ሰው እየሰማ፣ «ምነው ሲራጅ! ልጅ እንዲህ ይደረጋል? በሬ እንኳ እንዲህ አይታሰርም። የኔ ልጅ እንደ ወንድ በሁለት እግሩ ሄደ፣ በሁለት እግሩም ይመለሳል። ያንተ እጅ ግን ይቆረጥ!» አለችው። ሲራጅ አንገቱን ደፍቶ «አሚን» አለ። ከልቡ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መቀስ አልያዘም። ሥራውን የያዘው አብዱሰመድ ነው። ዋርካው ሥር ዱካ ላይ ተቀምጦ ጎማ ይለጥፋል፣ ይሰነጥቃል፣ ለቀንበሩም ለጀሪካኑም እንደ አባቱ ይቆርጣል። ሲራጅ አጠገቡ ተቀምጦ ያቀብለዋል። ስለዚያች ቀን አንዳቸውም አንስተው አያውቁም። ሲራጅ ልጁን ሊጠይቀው የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ምን ያህል አሞህ ነበር ብሎ። ምላሱ ላይ ይመጣና ይቀራል። መልሱን ፈራው።

በሰማንያ አንድ ጥር ላይ የደብሪቱ ቤት ዋይታ ተነሳ። ከግንባር ቆስሎ የተመለሰ የመርሳ ልጅ ነው መርዶውን ያመጣው፤ ዓለምነህ በመጀመሪያው ውጊያ፣ ምሽግ ሳይቆፍር ሞቷል። ሲራጅም ረሂማም ለቅሶ ደረሱ። ደብሪቱ ፊቷን ነጭታ ሰው አትለይም ነበር።

አርባው ሳይወጣ ሌላ ኮታ ወረደ። ማሩ ዝርዝሩን ይዞ ዞረ። በነጋታው ከሰዓት በኋላ ደብሪቱ ጥቁር እንደለበሰች ዋርካው ሥር መጣች። ሁለተኛ ልጇን ሲሳይን በእጁ ይዛለች። ሲሳይ አሥራ ስምንት ዓመት ሞላው ተብሎ የተጻፈ፣ ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ነው።

«ሲራጅ» አለች፤ «እሰርልኝ።»

ሲራጅ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ከድንጋዩ ላይ ተነሳ። «ኧረ በአላህ ደብሪቱ! ሂጂ ከዚህ! አንቺ አይደለሽ እጅህ ይቆረጥ ያልሽኝ?»

«እኔ ነኝ። አፌ ይቆረጥ። ያንተ ልጅ ይኸው ተቀምጧል፤ ያስነጥሳል፣ እራት ይበላል፣ እናቱ ታየዋለች። የኔ የት ነው? አጥንቱን እንኳ የሚያሳየኝ የለም። አንድ እግሩን ውሰድልኝና አንዱን ተውልኝ!» ብላ ጉልበቱ ላይ ወደቀች።

«እጄ አያስርም» አለ ሲራጅ። «ብትገድይኝም አያስርም።»

አብዱሰመድ መቀሱን አስቀመጠ። «እትዬ ደብሪቱ፣ ይነሱ» አላት። «እኔ አስረዋለሁ። አንተ ና፣ እዚህ ተቀመጥ።»

ሲሳይ ተቀመጠ። አብዱሰመድ ከቅርንጫፉ ላይ ሰፊውን ጎማ አወረደ፣ ስቦ አየው፣ ልጁ ጭን ላይ ለካው። ሲራጅ ቆሞ ቀረ፤ ሊያስቆመው አልቻለም፣ ሊያየውም አልቻለም።

«ዛሬ ልኩን ላሳይህ ነው፤ የምትታሰረው በቀኑ ጠዋት ነው» አለ አብዱሰመድ ለሲሳይ፤ ድምፁ ብስክሌት ለሚያስጠግን ሰው እንደሚያስረዳ ነው። «ስማኝ። ማንንም አትጠብቅ። ምልክት የሚሰጥህ ሰው የለም። መጀመሪያ ያምሃል፣ በጣም ያምሃል፤ ሲያምህ ደህና ነህ። ሕመሙ የተወህ ጊዜ ግን እግርህ እየሞተ ነው፤ ያኔ ነው የምትፈታው። ሐኪም ይምጣ አይምጣ፣ ወታደር ይይህ አይይህ፣ ያኔውኑ ፍታው። እኔን ሲሪንቃ ላይ ተወኝ። ድንገት ጥፍት አለ። ለዓለምነህ ‹አባቴ የሠራው ነገር እኮ ሠራ› አልኩት። በጣም ደስ አለኝ። መዝፈን ሁሉ አምሮኝ ነበር።»

ሲራጅ ይህን ሰምቶ ወደ ቤቱ ሄደ። ረሂማ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ማሽላ ትለቅም ነበር። ፊቱን አየችና ከስንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ «ምን ሆንክ?» አለችው።

አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ደስ ብሎት ነበር» አላት። «ሲሪንቃ ሲደርሱ ደስ ብሎት ነበር።»